አውቶቡስ የሚያስቆሙት ወይዘሮ ጥሩወርቅ

ትንሽ ከተማ ሁሉ አንድ ጠበቃ አያጣም። ከሳሽ የለ፣ ዳኛ የለ፣ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ስለ ከተማው ሲሟገት ይውላል። ቆቦ ላይ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ የመንገድ ዳሩ አልጋ ቤት ባለቤት፣ የእኔም የአዲሱ አስተማሪ አከራይ።

አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው ይሳፈራሉ። ለመሄድ አይደለም፤ ሰው ለማውረድ ነው። "ቆቦን ሳያድሩባት ማለፍ ሠርግ ቤት ገብቶ ሳይበሉ መውጣት ነው!" ብለው ያውጃሉ። አንዱ ላቡን እየጠረገ ስለ ሙቀቱ ካማረረ፣ "ሙቀት አይደለም፣ መድኃኒት ነው! ለቁርጥማትዎ ፍቱን ነው" ይሉታል። ቁርጥማት የለብኝም ቢል ማን ሰምቶት!

የወረደላቸውን እንግዳ ወደ ድንጋይ ቤቶቹ ይወስዱታል። ጥንት ከአፋር በረሃ ጨው ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ከነግመሎቻቸው ያድሩባቸው የነበሩ ቤቶች ናቸው። ጣራቸው ወድቆ ፍየል ይውልባቸዋል። እሳቸው ግን ቤተ መንግሥት እንደሚያስጎበኝ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

በ1965 ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ከነአገዳው ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ ገበሬው ቤተሰቡን ይዞ አውራ ጎዳናው ዳር ወጣ። የከተማውም ሰው ተበተነ። ጎረቤታችን ሀሊሜ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ልጆቿን ይዛ በጭነት መኪና ወደ አሰብ ሄደች። አውቶቡሶቹም በሽታ ፈርተው መስኮታቸውን ዘግተው ማለፍ ጀመሩ። እንግዲህ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ምን ሊሉ ነው? አልኩ።

ዘግይቶም ቢሆን መጠለያ ተከፈተ። የእርዳታ ሠራተኞቹ ግን ቀን ሠርተው፣ ሲመሽ ወልድያ ሄደው ያድሩ ነበር። አንድ ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ክብርነታቸው የሠራተኞቹ መኪና ፊት ተገተሩ።

"ዶክተር፣ ወልድያ እያደራችሁ ቆቦን አታድኑም። ሰዉ የሚሞተው ማታ ነው።"

የቡድኑ መሪ ዶክተር ይሁኔ ፊቱ በድካም ጠቁሯል። "የት እንደር፣ እናቴ? ከተማው ባዶ ነው።"

"ባዶ ከሆነማ ቦታ ሞልቷል!"

ዶክተሩ ሳቀ። እሳቸው ፊት የሳቀ ሰው ተሸነፈ ማለት ነው።

በማግስቱ ድንጋይ ቤቶቹ ላይ ዘመቻ ተጀመረ። ነጋዴው አቶ ሙሀመድሰይድ፣ "መጋዘን ከሚዝግ ጣራ ላይ ይዛግ" ብለው ቆርቆሯቸውን ሰጡ። ከመጠለያው ሰው አቅም ያለው፣ እህል እየተሰፈረለት፣ ጭቃ አቦካ፣ ግድግዳ መረገ። እኔ የኖራ ባልዲ ደረሰኝ። አልችልም ብል፣ "ጠመኔ የያዘ እጅ ኖራ አቃተው?" ተባልኩ።

ሐኪሞቹ ገቡ። ማታ የታመመ ማታ ታየ፤ ቀብሩ እየቀነሰ መጣ። ሐኪም ደግሞ ይበላል፣ ልብሱም ይታጠባል፤ ስለዚህ ወጥ ሠሪ ተቀጠረች፣ አጣቢ ተቀጠረች፣ የልብስ ሰፊው መኪና እንደገና ተንጫጫ። እንግዳው እንግዳ እየጠራ፣ አውቶቡሶቹም ሳይወዱ በግዳቸው መቆም ጀመሩ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለቤቶቻቸው የተሰደዱባቸውን ቤቶች ሳይቀር ለእንግዳ አከራዩ፤ አንዱን ብቻ አላከራዩም። የሀሊሜን። ኖራ አስቀብተው ቆለፉት። አልጋ ያጣ እንግዳ ሲለማመጣቸው "ተይዟል" ይላሉ። ከአሰብ መንገድ ስንቱ እንዳልተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደፍሮ የሚነግራቸው ግን አልነበረም።

በ1967 ኅዳር ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆመ። ገበያው ሞልቶ መተላለፊያ በጠፋበት ቀን ሀሊሜ ልጆቿን አስከትላ ከአውቶቡስ ወረደች። ከስታለች። ነጩን ቤት አይታ ግራ ተጋባች።

"እትዬ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?"

"ያንቺ ነዋ! ስንቱ ለመነኝ መሰለሽ። ባለቤት አለው አልኩ።"

ሀሊሜ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ "አልሐምዱሊላህ" እያለች አለቀሰች። ገበያተኛው እልል አለ። ሳምንት ሳይሞላ ከዚያ ቤት የዳቦ ሽታ ወጣ።

በዚያው ሰሞን ወደ ደሴ መዛወሬ ተነገረኝ። ሻንጣዬ አውቶቡስ ጣራ ላይ ተጫነ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስንቅ አስይዘውኝ፣ ጉንጬን ስመው፣ ዝም ብለው ቆሙ። ለማያውቁት መንገደኛ ሲሟገቱ የኖሩ ሴትዮ! ከፋኝ።

"እትዬ፣ እኔንስ እደር አይሉኝም?"

"እደር የሚባለው እንግዳ ነው" አሉኝ። "የቤት ሰው እደር ይባላል እንዴ?"

ረዳቱ ሻንጣዬን መልሶ ሲያወርድ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።