አቶ ዘውዴ እና «የሐሙስ ዝናብ»

ሠርግ ላይ ሙዚቃው ሞቅ እስኪል ጠብቆ «ይኼማ ኦርጅናሉ አይደለም» የሚል ሰው የሌለበት አገር የለም። የለንደን ሐበሻ ግን ታድሏል፤ ለእሱ የደረሱት የሁሉም አለቃ፣ አቶ ዘውዴ ናቸው።

ክቡርነታቸው ሃክኒ ውስጥ፣ ኂሩት ከምትባል ጎረቤታቸው በታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እንጀራቸው ባቡር ጣቢያ ትኬት መቆጣጠር ሲሆን ሹመታቸው ግን የአንድ ዜማ ዳኝነት ነው። ዜማው «የሐሙስ ዝናብ» ይባላል፤ አዲስ አበባ የተወለደ፣ ግጥም የሌለው፣ ያልተጫወተው ባንድ የሌለ ጃዝ ነው። አቶ ዘውዴ አሥራ አንድ ቅጂ አላቸው። ኂሩት ታሪኩን ሳትጠይቅ በወለሉ በኩል ተምራዋለች።

በሸክላ የታተመውን «ሳክስፎኑ ይቸኩላል» ይሉታል። በደርግ ጊዜ በካሴት የወጣውን «ኦርጋኑ ያለቃቅሳል»። አንድ ሰው ባተርሲ ኩሽናው ውስጥ በኪቦርድ የቀዳውን ግን ስሙንም አይጠሩት፤ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። በሁሉም ቅጂ መሀል ላይ፣ ድራመሩ የናሱን ሲምባል ጯ የሚያደርግበት ቦታ ሲደርስ፣ ጣታቸውን ያነሣሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ታዲያ ኦርጅናሉ የታለ ጋሼ?» ትላቸዋለች ኂሩት።

«አለ።»

«የት?»

«አለ አልኩሽ እኮ!»

አንድ ቀን ሊያስተረጉሙላት ክሮይደን፣ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አብረዋት ሄዱ። ሰልፉ ላይ ከፊታቸው የቆመ ሰውዬ ያንኑ ዜማ ሲያንጎራጉር ትከሻውን ነካ አደረጉት። «ወንድሜ፣ አንተ ከካሴቱ ነው የተማርከው!» ሰውየው መርማሪ መሰሉት፤ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ «ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ሁሉንም አፕላይ አድርጌአለሁ» አለ።

በዘጠና ስድስት በጋ የኂሩት ወንድም እዮብ ሊያገባ ሆነ። እናትና አባት ስለሌላቸው ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከእሱ ሌላ ማንም የላትም። አቶ ዘውዴ ደግሞ ከዚያ በፊት ሁለት ሠርግ ላይ ባንድ አስቁመዋል፤ አንዷ ሙሽራ አልቅሳለች። ስለዚህ ኂሩት በሠርጉ ዕለት ጠዋት ደረጃውን ወርዳ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ ዘውዴ፣ በእዮብ ሞት፣ የዛሬን ብቻ ዝም ይበሉልኝ።»

«አፌን ዘግቻለሁ። ጣቴንም ጭምር» ብለው ማሉላት።

ባንዱ «የሐሙስ ዝናብ»ን ሲጀምር ኂሩት የምታየው ሙሽሮቹን ሳይሆን አቶ ዘውዴን ነበር። ቀኝ እጃቸው ላይ ተቀምጠውበታል። ዜማው መሀሉ ጋ ሲቃረብ፣ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ የምታልፍ አልታየሽ የምትባል አስተናጋጅ አዳለጣት፤ ትሪው ከነብርጭቆው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ባንዱ ቆመ። ከአገር ከመጣች ሦስት ወር ያልሞላት አልታየሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሠርጉን አበላሸችው!» አለ አንዱ።

አቶ ዘውዴ ብድግ አሉ። ኂሩት በሆዷ «አለቀልኝ» አለች።

«ይኼ ነው ኦርጅናሉ!»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«መጀመሪያ ለሬዲዮ ሲቀዳ ባንዱ የሚጫወትበት ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። መሀሉ ላይ ትሪ ጣልኩ። ያኔውኑ ከሥራ አባረሩኝ፤ ቀረጻው ግን እንዳለ ተላለፈ፣ ሰውም ወደደው። ከዚያ ወዲያ ድራመሩ እዚያች ቦታ ላይ ሲምባል ይመታ ጀመር፤ ሌላው ሁሉ እሱን ቀዳ። ያቺ ሲምባል የኔ ትሪ ናት። አፍሬ ሠላሳ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም።» ከዚያ ወደ አልታየሽ ዞሩ። «አይዞሽ እህቴ። ሁለት ምት ቀደምሽ እንጂ ሌላ ጥፋት የለብሽም።»

አልታየሽ ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ እያለቀሰች ሳቀች። ኂሩት ስንት ሌሊት ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበች ዝም እንዳሰኘቻቸው ትዝ ብሏት አፈረች፤ ሰውየውን ለካ ትወዳቸዋለች።

«ከመጀመሪያው!» አለች ወደ ባንዱ ጮኻ።

የተረፉትን የኪራይ ብርጭቆዎች በትሪ ደርድራ መሀል አዳራሽ ቆመች። ዜማው ወደዚያች ቦታ እየቀረበ መጣ። የአቶ ዘውዴ ጣት ቀስ ብሎ ወጣ። ኂሩት ጣቱን አየችና ትሪውን ለቀቀችው።

አዳራሹ ሁሉ ፍርዱን ለመስማት ወደ አቶ ዘውዴ ዞረ።

«ግማሽ ምት ዘገየሽ» አሉ አቶ ዘውዴ፣ እንባቸውን በዚያችው ጣት እየጠረጉ።