ጊዛው ይቀየር

ጋሽ ጊዛው ትናንት እሑድ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ሠላሳ ሰው መሃል ተቀምጠው ሕልም አዩ። ሌላው ሰው ሕልም የሚያየው አልጋው ላይ ሆኖ ነው፤ እሳቸው ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባውን ደግሞ «ካልተጠራ እንቅልፍ የለኝም» ብለው ኮሚቴውን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲነዘንዙ የከረሙት ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ጊዛው የሚኖሩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ላይ ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሸዋንግዛው ይባላል። የሥራ ባልደረቦቻቸው ስሙ ረዘመብን ብለው «ግዛው» አሉት፤ ሰውዬው ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ከጊዛ ቱቦ ጋር ሲታገል የሚውል የቧንቧ ሠራተኛ ስለነበር፣ ግዛው ውሎ አድሮ ጊዛው ሆኖ ቀረ። ጊዛ የሚባለው ያ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስሰው ከባዱ ብረት ነው። የሕንፃውን የፍሳሽ ቱቦ ከምድር ቤት እስከ ጣራ የተከሉት እሳቸው ናቸው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው። አሁን ሰባ ስምንት ሞልቷቸዋል፤ ቱቦው ግን ዛሬም እንደቆመ ነው።

እንደቆመ ነው ሲባል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዱ መጋጠሚያው ማንጠባጠብ ጀምሯል። ኮሚቴው ከላይ እስከ ታች ተነቅሎ በፕላስቲክ ይተካ አለ። ጋሽ ጊዛው ደግሞ የታመመውን አንድ ቁራጭ ብቻ አውጥታችሁ፣ ውስጡም ውጪውም በደንብ የተቀባ አዲስ ጊዛ ብትተኩበት ይበቃል ባይ ናቸው። የሚናገሩትንም አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጥረው ይዘዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ጭንቀታቸው ለቱቦው ብቻ አልነበረም። ያሠለጠኗቸው ሙሴ ኮስታ ሞተዋል፤ የድሮው ባቡር ቆሟል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ዘመን በእጅ የሚነካ የቀረላቸው ነገር ያ ቱቦ ነው፤ እሱ ከሄደ ማን እንደሆኑ የሚመሰክርላቸው የለም።

እናም ምሳቸውን በልተው፣ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ወይዘሮ ሙና ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማንበብ ጀመሩ። የበሩ ቁልፍ ጉዳይ፣ የጣራው ታንከር ጉዳይ፣ ግቢ ውስጥ የበዙት ድመቶች ጉዳይ። ድመቶቹ ጋ ሲደርሱ የጋሽ ጊዛው አገጭ ደረታቸው ላይ ዐረፈ።

መጀመሪያ የተገለበጠው ሕንፃው ነበር። ጣራው ታች ሆነ፣ ምድር ቤቱ ደግሞ ወደ ላይ ወጣ። ውኃው ከታች ወደ ላይ ይፈስሳል። ሴቶች ልብስ ያጠቡበትን እጣቢ ወደ ሰማይ ይደፉታል፤ ሰማዩም «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። ድመቶቹ በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሰው ይመዘግባሉ፤ ሰው በዝቷል፣ ግማሹ ይውጣልን እያሉ ያጉረመርማሉ።

ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ደግሞ ቱቦዎች ነበሩ። ሰዎቹስ? ሰዎቹ ግድግዳው ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቆሞ፣ ከታች እስከ ላይ። ጋሽ ጊዛውም ቦታ ደርሷቸዋል። ትከሻቸው ላይ የወይዘሮ ሙና ጫማ ቆሟል፣ እግራቸው ሥር ደግሞ የዘበኛው ኮፍያ አለ። ማንም ቅር ያለው አይመስልም።

ሊቀመንበሩ አንድ ጎሚቶ ነበር። ጎሚቶ ያ ቱቦው የሚታጠፍበት ክርን ነው፤ ከጉብጠቱ የተነሣ ለሁሉም ሰው እጅ የሚነሣ ይመስላል። ጉሮሮውን ጠራረገና አነበበ።

«አጀንዳ አንድ፦ ጊዛው ይቀየር። ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ያንጠባጥባል።»

«ኧረ እኔ አላንጠባጥብም!» አሉ ጋሽ ጊዛው ከግድግዳው ውስጥ።

«ሻይ ስትጠጣ ታንጠባጥባለህ» አለ ከኋላ የተቀመጠ የመታጠቢያ ሲፎን፣ ያ ከመታጠቢያው ሥር የሚጠማዘዘው ቱቦ። «ሸሚዝህን እየው።»

ጋሽ ጊዛው ሸሚዛቸውን አዩ። እውነትም የጠዋቱ ሻይ ነበረበት።

«ደግሞ ያስላል» አለች አንዲት ቀጭን የእጅ መታጠቢያ ቱቦ። «ግድግዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ እያለ ልጅ እንዴት ይተኛል?»

«በምን እንቀይረው?» ጠየቀ ጎሚቶው።

«በፕላስቲክ ሰው!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

በሩ ተከፈተና የፕላስቲኩ ሰው ገባ። ገባ ከማለት አንድ የቧንቧ መፍቻ በብብቱ ሸጉጦ አስገባው ማለት ይሻላል፤ ክብደት የሚባል የለውም። ለሁሉም «ሰላም ነው? ሰላም ነው?» ይላል። ግቢው መሃል አቆሙት። የድሬ ፀሐይ ትንሽ እንዳገኘው ወገቡ ለስለስ አለና ወደ ግራ ያዘነብል ጀመር።

«አሞሃል እንዴ?» አሉት ጋሽ ጊዛው አዝነው።

«ችግር የለም» አለ የፕላስቲኩ ሰው፣ እየጎበጠ። «ምንም ችግር የለም።»

«ሕግ ሕግ ነው» አለ ጎሚቶው። «መጀመሪያ አሮጌው ይንኳኳ።»

ጋሽ ጊዛው ይህን ሥርዓት ያውቁታል። ጊዛ ከመተከሉ በፊት በገመድ ተንጠልጥሎ በመዶሻ መታ መታ ይደረጋል። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ግን «ዷ» ብሎ ዝም ይላል። በዕድሜያቸው ስንቱን ቱቦ አንኳኩተው ጥለዋል! አሁን አንዲት መዶሻ እየዘለለች መጣችና ጉልበታቸውን መታች።

«ዷ።»

«ተሰንጥቋል፤ ጻፍ» አለ ጎሚቶው።

ግንባራቸውን መታች። «ይጮኻል» አለች መዶሻዋ። «ደህና ነው፤ ትንሽ ባዶ ነገር ነው እንጂ።» ከዚያ ደረታቸውን መታች። ድምፁ ረዘመ፤ ከግድግዳው ወጥቶ ግቢውን ዞረና ኒሙን አልፎ ሄደ።

ያኔ አንድ ረጅም ቱቦ ከመጨረሻው ረድፍ ተነሣ። የጋሽ ጊዛው ቱቦ ነበር። አንድ ጎኑን ያነክሳል፤ ሁለተኛ ፎቁ ጋ ያመዋል። «ምስክር ነኝ» አለ። «ይሄን ሰው አውቀዋለሁ። መጋጠሚያዬ ላይ ቃጫ ጠቅጥቆ፣ እርሳስ አቅልጦ ያፈሰሰብኝ እሱ ነው። ድምፅ ያሰማል አላችሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመት የጎረቤት ጠብ ሰምቷል። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ብቻቸውን ሲያለቅሱ ሰምቷል። እስቲ እሱ ለሌላ ሰው ሲያወራ የሰማ ይናገር!»

ማንም አልተናገረም።

«አያችሁ! ከላይ የገባውን ሁሉ ተሸክሞ ይወርዳል፤ ውጪ ያለው ምንም አይሰማም። ፕላስቲኩ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ የሰፈሩን ጉድ ሲሰማ ይውል ነበር።»

«እኔ አላወራም» አለ የፕላስቲኩ ሰው። ይህንንም የተናገረው ከሆዱ በሚንሿሿ የውኃ ድምፅ ነበር።

«እሳትስ?» ጠየቀ ሲፎኑ።

«አንደኛ ፎቅ ማድ ቤቱ የተቃጠለ ጊዜ ባልዲው ቀለጠ፣ መጋረጃው ነደደ፣ ጭሱ ሰው ጣለ። ይሄ ሰውዬ ብርድ ልብስ አርጥቦ ገብቶ የሰው ልጅ ይዞ ወጣ። አልቀለጠም፣ አልጨሰም። በሙቀት ያብጣል ካላችሁኝም፣ ዋና ሠራተኛ ሆኖ የተሾመ ቀን እንኳ አላበጠም። የነከሰው አይጥም ጥርሱ ረግፏል።»

ጋሽ ጊዛው አይጡን አላስታወሱትም፤ ግን ምስክር አይቋረጥም ብለው ዝም አሉ። ደስ ብሏቸዋል። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የተናገረላቸው ሰው አልነበረም።

«መልካም» አለ ጎሚቶው። «ቅብ ግን አለው? ቅብ የሌለው ጊዛ መዛጉ አይቀርም።»

«ቅቡን የሚያውቅ የቀባው ነው» አለ ቱቦው። «ተከተሉኝ።»

ባቡር ጣቢያ ደረሱ። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ገና መቆሙ ነበር። ቱቦዎች ኮፍያ አድርገው ከአንደኛ ማዕረግ ይወርዳሉ፤ ሰዎቹ በገለባ ተጠቅልለው ከዕቃ ፉርጎ ይራገፋሉ፤ ግንባራቸው ላይ «ተሰባሪ ነው፤ በጥንቃቄ ይያዝ» ተብሎ ተጽፏል። መድረኩ ላይ የሬንጅ በርሜል ይፍለቀለቃል። በርሜሉ አጠገብ፣ ብሩሽ ይዘው፣ ያቺ የፊት ጥርሳቸው እንደጎደለች፣ ሙሴ ኮስታ ቆመዋል።

የሬንጁ ሽታ አፍንጫቸው ሲገባ የጋሽ ጊዛው ልብ ቀለጠ። ጉልበታቸውን ዳሰሱ። ስንጥቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

ሙሴ ኮስታ አርባ ዓመት ድሬ ኖረው ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» እንዳሉ የሞቱ ግሪካዊ ናቸው። «ጊዛው!» አሉ። «የት ጠፋሽ አንቺ? አፍሽን ክፈቺ!»

«ለምን ሙሴ?»

«ውጪ ሁሉም ሰው ይቀባል። ሰው ያያል፣ ጎበዝ ይላል። ውስጥ ግን ማንም አያይም። አንቺ ውስጥ ቀቢ!»

ይህን በሕይወት ሳሉም ይሉት ነበር። ሰነፍ ሠራተኛ የቱቦውን ውጪ አሳምሮ ቀብቶ ውስጡን ሲያልፈው፣ ሙሴ ኮስታ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው ይዳስሱ ነበር፤ ሬንጅ ካልነካቸው ቱቦው ይመለሳል። አሁንም ብሩሹን አስገብተው የጋሽ ጊዛውን ውስጥ ከጉሮሮ እስከ እግር ቀቡላቸው። ሞቅ ያለ ነበር። ጋሽ ጊዛው ማልቀስ አማራቸው፣ ነገር ግን ያልደረቀ ቅብ ላይ ውኃ አይፈስስም ብለው ቻሉት።

«አላት» አሉ ሙሴ ኮስታ ለጎሚቶው። «ቅብ አላት። ጥሩ ሴት ናት።»

ጎሚቶው ሲጽፍ ባቡሩ ጮኸ። ባቡሩ ሲጮኽ ጣቢያው ሕንፃ ሆነ፤ ያ የራሳቸው ሕንፃ፣ ገና አዲስ፣ ሰው ሳይገባበት፣ የኖራ ሽታው እንዳለ። ቱቦዎቹም ስብሰባውም ጠፉ። ጋሽ ጊዛው ምድር ቤት መዶሻ ይዘው ብቻቸውን ቆመዋል።

ይሄን ቀን አወቁት። ቱቦው ተተክሎ ያለቀበት ቀን ነው። ከታች ሦስት ጊዜ መትተው ድምፁ እስከ ጣራ ጥርት ብሎ መውጣቱን ሊያዳምጡ ነበር። ያኔ፣ በእውነተኛው ቀን፣ ሲመቱ ከላይ መልስ መጣ። ሦስት። ለሕንፃው ባለቤት መጋረጃ ልትሰፋ ሦስተኛ ፎቅ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ በር የተንኳኳ መስሏት ወጥታ ሰው ስታጣ፣ በመቀሷ ቱቦውን መታ መታ አድርጋ ኖሯል። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሲንኳኩ ሰነበቱ። በስምንተኛው ቀን ጊዛው ፊቱን ታጥቦ ደረጃውን ወጣ። ተጋቡና እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ቤት ተከራዩ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጋሽ ጊዛው ታች የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግኑ ከቆዩ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ «ምሳ ደርሷል» የሚሉት በዚያው መቀስ ነበር።

በሕልማቸው መዶሻቸውን አንሥተው መቱ። ሦስት። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ጣራው ጋ ደርሶ ጠፋ። ጠበቁ። አዲሱ ሕንፃ ዝም አለ። እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዝም ብሎ ነው የከረመው።

ከዚያ ከላይ መጣ። ቀስ ብሎ፣ በመቀስ። ሦስት።

«ጥሩዬ?» አሉ።

ሦስት ደገመ። አሁን ተራው የሳቸው ነው፤ እሷም እየጠበቀች ነው። መዶሻው እጃቸው ላይ የለም። ግድ የለም አሉ፣ በእጄ አንኳኳለሁ። በደስታ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አነሡ።

ጭብጨባው ቀሰቀሳቸው።

ኒም ዛፉ ሥር ናቸው። እጃቸው እንደተነሣ ነው። ዙሪያቸውን ያለው ሰው ሁሉ እጁን አንሥቷል፤ ቀድሞ ያወረደውም ያጨበጭባል። ወይዘሮ ሙና መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ዕድሜ ይስጥልን ጋሼ!» አሉ። «እውነቴን ነው፣ እኛ የፈራነው እርስዎን ነበር። ‹ፕላስቲኩ ይግባ የምትሉ እጃችሁን አንሡ› ስል አንድ ሰው እንኳ አላነሣም። ሁሉም እርስዎን እያየ ነበር። አቀርቅረው አስበው፣ አስበው፣ መጀመሪያ እርስዎ ሲያነሡ ነው ሰው ሁሉ ያነሣው።»

«ኧረ እኔ…» አሉ ጋሽ ጊዛው።

«በሙሉ ድምፅ» አለ ጸሐፊው፣ እየጻፈ።

ተኝቼ ነበር ማለት ነበረባቸው። ግን ስብሰባ ካልተጠራ ብለው ሦስት ሳምንት ሰውን ሲያስጨንቁ ከርመው፣ እንዴት ብለው ተኝቼ ነበር ይበሉ? እጄን ያነሣሁት ለሚስቴ መልስ ልሰጥ ነው ቢሉስ ማን ይሰማቸዋል? ጭብጨባው አላቆመም። ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው።

«ሠራተኞቹ ነገ ጠዋት ይገባሉ» አሉ ወይዘሮ ሙና። «ቱቦውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም መቼም። መቁረጡን ከየትኛው ፎቅ ቢጀምሩ ይሻላል ይላሉ?»

ጋሽ ጊዛው እጃቸውን አወረዱ።

«ከፈለጉበት ይጀምሩ» አሉ። «ሦስተኛውን ግን መጨረሻ ያድርጉት።»