ስልኩ ከቤቴ እስኪገባ

መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው ብል ወጣቶች ይስቁብኝ ይሆናል። ይሳቁ። ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ሰማዩን ያያል፤ እንግዳ የሚጠብቅ ባለቤት መንገዱን ያያል። «በየደረጃው ይደርስሃል» የተባለውን ነገር የሚጠብቅ ሰው ግን ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ፤ ምሰሶ ያያል። እኔ ዓመታት ሙሉ ምሰሶ አይቻለሁ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ለሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼን በቃል አስጠንቻለሁ። «ያልቸኮለችውስ ምን ለቀመች?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አንድ ቀን እንኳ አልገጠመኝም። ቢገጥመኝ ኖሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆመው ነበር። ዛሬ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ይቅርታ የምጠይቀውን ልጅ ግን አጣሁ።

ነገሩ የሆነው አንኮበር ላይ ነው፤ ዘመኑም ሁላችንም «ጓድ» የተባልንበት ዘመን ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ባለቤቴን ቀብሬያለሁ፤ አንዲት ልጄ አሰገደች በነርስነት ተመድባ እስከ ሩቅ ምዕራብ፣ ጎሬ ሄዳለች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለው ቤቴ ከጉም ጋር እኖር ነበር። ጉም ክፉ ጎረቤት አይደለም። ሳይጠሩት ይመጣል፤ የጓዳውን ሳያይ ይሄዳል። ጉድለቱ አለመናገሩ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ለቀበሌ ስብሰባ ተጠራንና ሊቀመንበሩ ሲያስረዱ፣ ስልክ ከደብረ ብርሃን ወደ እኛ የሚመጣው በሦስት ምዕራፍ ነው አሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ስልክ ቤት ይከፈታል፤ በሁለተኛው ለመሥሪያ ቤቶች ይዳረሳል፤ በሦስተኛው ሰፊው ሕዝብ በየቤቱ ያስገባል። አዳራሹ አጨበጨበ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር በሰፊው ሕዝብ ስም ይሠራ ነበርና፣ ሰፊው ሕዝብ ስለምን ሦስተኛ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ተራ የሚባል ነገር አከብራለሁ። በማግስቱ ማመልከቻዬን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት አዘጋጅቼ አስገባሁ። በአመልካቾች መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነበር፤ ለረጅም ጊዜም ብቸኛው ስም እንደሆነ ኖረ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ በእውነትም መጣ። የባሕር ዛፉ ምሰሶ ብርዳሙን ሜዳ አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ከተማችን ገባ። ስልክ ቤት የተባለው አንዲት ክፍል፣ አንድ ጥቁር ስልክና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው። ኦፕሬተር ሆና የተመደበችው የሺመቤት አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ የከዘራዬን ድምፅ ስትሰማ እስከ ዛሬ ወገቧን ቀና ታደርጋለች። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ከሩቅ የሚደውል ሰው ጥሪ ያስይዛል፤ የሺመቤት ስሙንና ሰዓቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ለተጠሪው ትልካለች፤ ተጠሪው በቀጠሮው ቀርቦ አግዳሚው ላይ ተራውን ይጠብቃል።

እኔ ነገሩን ለማጣራት አንድ ቀን ወረድኩ። የአልዩ አምባው በርበሬ ነጋዴ ሰይድ መነጋገሪያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ ይጮኻል።

«በቅሎዋ ሞተች! ሞ…ተ…ች! ኧረ አባባ ደህና ናቸው! ወላሂ ደህና ናቸው! በቅሎዋ ናት!»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ።

«አላህ ይተካልህ ሰይዴ» አለች አንዲት ሴት። «ዳለቻዋ ናት?»

«ዳለቻዋ» አለ ሰይድ ወደ እርሷ ዞሮ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ፣ «ዳለቻዋ!»

«ገደል ገብታ ነው?» አለ ሌላው።

«ገደል ነው» አለ ሰይድ፤ ደግሞ ወደ ስልኩ፣ «ገደል! ገደል!»

ለአንድ ጥሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ በዚሁ አለቀ። ወንድምየው የበቅሎዋን መሞት ይስማ አይስማ አላውቅም፤ አንኮበር ግን አንድ ሰው ሳይቀር ሰምቷል። እኔም የቤቴን ገመና በዚያ አግዳሚ ላይ ላላሰጣ በልቤ ማልሁ። ጨዋ ሰው ከልጁ ጋር በቤቱ፣ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነጋገራል። ሦስተኛው ምዕራፍ ይመጣ የለም?

ሁለተኛው ምዕራፍ ሲደርስ ሠራተኞቹ ለወደፊቱ ያገለግላል ብለው እኔም ደጃፍ አንድ ምሰሶ ተክለው ሄዱ። የቀረው ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦ ደግሞ ምንድን ነው? በመስኮቱ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አስጠጋሁ፤ ባለቤቴ የጠለፈችውን ዳንቴል አለበስኩት፤ ወንበር አቀረብኩ። ጠዋት ጠዋት የዳንቴሉን አቧራ አራግፍ ነበር። ያልመጣ ስልክ አቧራ ይይዛል ብላችሁ ታምናላችሁ? ይይዛል።

በዚህ መካከል ከስልክ ቤት ወረቀት መጣልኝ። «ከጎሬ ጥሪ አለዎት፤ ነገ በአራት ሰዓት ይቅረቡ» ይላል። ይቅረቡ! ፍርድ ቤት የጠራኝ ይመስል። ገልብጬ በጀርባው «ስልኩ ከቤቴ ሲገባ ይደወልልኝ» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን ሌላ መጣ፤ ያንኑ መልስ ሰጠሁ። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፤ ሁለተኛውን ከመመለሴ በፊት «ጎሬ» የምትለዋን ቃል ብዙ ጊዜ አነበብኳት። ልጄ ደጋግማ ለምን እንደጠራችኝ ወረቀቱ አይናገርም፤ እኔም ወርጄ አልጠየቅሁም። የያዝኩትን አቋም እንዳልለቅ ፈራሁ፤ እናንተ ግን ኩራት በሉት፤ አልቀየምም።

በሳምንቱ፣ ጉሙ ደጃፌን በዘጋበት ረፋድ፣ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት የሺመቤት ራሷ ናት፤ ነጠላዋ ረጥቧል፤ ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥሯታል።

«ስልኩን ለማን ጥለሽ መጣሽ?» አልኳት።

«ቆልፌው መጣሁ፣ መምህር።»

«የመንግሥት ሥራ ይቆለፋል?»

«ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ!» አለች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸችብኝ። «በስልክ የሰማሁትን የሰው ነገር እንዳልናገር ምያለሁ፤ ዛሬ መሐላዬን አፈርሳለሁ። አሰገደች እሁድ ታገባለች። ፈቃድ ከልክለዋት ነው መምጣት ያልቻለችው። ያለ አባቴ ምርቃት አልሞሸርም ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችዎት፤ እርስዎ ደግሞ ፈርመው ይመልሳሉ! ዛሬ ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ናት። ለጥሪው ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።»

«በደብዳቤ አትጽፍም ነበር?»

«ጽፋለች። ደብዳቤው እስኪደርስ ቅልቅሉም ያልቃል። ስልኩ ቤትዎ እስኪገባማ፣ መምህር፣ የልጅ ልጅዎም ያገባል!»

ከዘራዬን አነሳሁ። ያንን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም፤ ካፖርቴን ገልብጬ ለብሼው እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። አግዳሚው ሞልቷል፤ ሰይድም አለ። የሺመቤት ደብረ ብርሃንን ጠራች፤ ደብረ ብርሃን አዲስ አበባን ጠራ፤ አዲስ አበባ ጅማን፣ ጅማ ጎሬን ጠራ። በመጨረሻም ከዚያ ሁሉ የመስመር ጩኸት ሥር ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«አባዬ? ተቆጥተህብኝ ነው?»

«አልተቆጣሁም» አልኩ።

«አባዬ? አባዬ? አይሰማም!»

«መምህር፣ ጮክ ይበሉ!» አለች የሺመቤት።

«የሚጮኸው ስድብ ነው። ምርቃት አይጮኽም» አልኳት። ካፖርቴን አስተካከልኩ፤ ክፍል ውስጥ እንደምናገረው በረጋ ድምፅ፣ ቃል በቃል መረቅሁ። «የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ይሁንላችሁ።»

«አሜን!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ተነሣ። ዘወር ብል አግዳሚው ባዶ ነው፤ ሁሉም ብድግ ብሎ፣ መዳፉን ዘርግቶ ቆሟል።

«ውለጂ፣ ክበጂ፤ የወለድሽው ይደግልሽ።»

«አሜን!»

«እናትሽ ያላየችውን ደስታ አንቺ እዪው።»

«አሜን!» ሲሉ፣ ሰይድ «አሚን!» ያለው በቅሎይቱ በሞተች ጊዜ በጮኸበት በዚያው ድምፅ ነበር። መስኮቱ ነዘረ። መስመሩም ተቋረጠ።

ማንንም ሳላመሰግን ወጣሁ።

ከወር በኋላ የልጄ ደብዳቤ ደረሰኝ። «አባዬ፣» ይላል፣ «ካልከው ሁሉ አንድም ቃል አልሰማሁም። ዝም ስትልብኝ ጨርሶ የተውከኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ ብዙ ሰው አሜን ሲል ሰማሁ፤ ደግሞ ሰማሁ፤ ደግሞ ሰማሁ። አባቴ ሳይመርቅ ያ ሁሉ ሰው አሜን አይልም ብዬ፣ ቀሚሴን ለበስኩ።»

ሦስተኛው ምዕራፍ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አልፎ መጣ። ሽቦው ከምሰሶው ወደ መስኮቴ ገባ፤ ጥቁሩ ስልክ በዳንቴሉ ላይ ተቀመጠ። ሲጮኽ አንድ ሰው ወደ ቤት የገባ ይመስላል። ልጄ ደወለች፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች። መስመሩ የጠራ፣ ድምፄ የረጋ፣ በሬ የተዘጋ ነው፤ ልክ እንደተመኘሁት። ሕፃኑን መረቅሁት። ስጨርስ ቤቱ ዝም አለ። ጎሬም ዝም አለች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ሰዎቹ የሉም?»

«አሉ» አልኳት። በሠላሳ ዓመት መምህርነቴ ውሸታም ተማሪ ይቅር ብዬ አላውቅም። ከዚያ መነጋገሪያውን ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ ድምፄን ለውጬ፣ «አሜን» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ስልክ ቤት እወርዳለሁ። የሺመቤት ወገቧን ቀና አድርጋ፣ «ምነው መምህር፣ ስልክዎ ተበላሸ እንዴ?» ትለኛለች። አልተበላሸም እላታለሁ። ሰይድ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅልኛል፤ እቀመጣለሁ። የምጠብቀው ጥሪ የለኝም። መነጋገሪያውን የያዘው ሰው ሲመርቅ እነሣና አሜን እላለሁ።

ጮክ ብዬ።