ሊቀመንበሩ ዋስ የሆኑለት ድስት

የደባርቅ ማጭድ ሠሪዎች ማኅበር ጥቅምት 18 ቀን 2005 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በማኅበሩ ወርክሾፕ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ተሰበሰበ።

የተገኙ፦ አቶ ሀብተ ሚካኤል (ሊቀመንበር)፣ አቶ ያርጋል (አባል)፣ ወ/ሮ ጤናዬ (የምድጃ ኃላፊ)፣ ቻላቸው (ጸሐፊ፣ ሳይጠየቅ የተመረጠ)። የቴክኒክ ኮሌጁ መምህር አቶ ሙጂብ በአስረጂነት ተገኝተዋል።

ከዘጠኝ አባላት የመጡት አራት ስለሆኑ ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ። ሊቀመንበሩ አንዴ እንደ ሊቀመንበር፣ አንዴ እንደ ድስቱ ዋስ ይቆጠሩ ተባለና ሞላ።

አጀንዳ 1፦ የድስቱ ጤንነት

ማጭድ የምናጠነክረው ቀልጦ ውሃ በሆነ ጨው ውስጥ አግለን ነው። ጨው የሚቀልጥበት ድስት እሳት አይደፍረውም የተባለ ቅይጥ ብረት ሲሆን፣ ሲመጣ ሊቀመንበሩ “በእኔ ይሁንባችሁ” ብለው ዋስ ሆነውለታል።

ወ/ሮ ጤናዬ የድስቱ ቂጥ ስለሳሳ ምድጃው ይጥፋ ሲሉ አመለከቱ። ሊቀመንበሩ እሳቸው ዋስ የሆኑለት ዕቃ እንደማይሳሳ ገለጹ።

አቶ ሙጂብ ሁለቱም እውነት አላቸው አሉ። ብረቱ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ አውጥቶ እሳቱን ይችላል፤ የቀለጠ ጨው ግን ያንን ቆዳ ያሟሟና ክሮሚየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ከውስጡ እየመዘዘ ብረቱን ወንፊት ያደርገዋል። ሊቀመንበሩ ይህ በአጀንዳ አልተያዘም አሉ።

አቶ ያርጋል ጨውና ብረቱ ከተጣሉ ሽማግሌ ይግባ፤ ጨው በዛሪማ በኩል የመጣ እንግዳ ስለሆነ ቀድሞ ይደመጥ አሉ። ጸሐፊው ይህም ይጻፍ ወይ ብሎ ጠየቀ። ይጻፍ ተባለ፤ ይኸው ተጻፈ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የተወሰነ፦

ሀ) ድስቱ አልሳሳም።
ለ) ጨውና ብረቱ በሽማግሌ ይታረቁ።
ሐ) ወ/ሮ ጤናዬ የዋሱን ስም ስላጎደፉ ከምድጃው ይነሡ።

ወ/ሮ ጤናዬ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉት በዚህ ምድጃ መሆኑን ተናግረው ጉጠታቸውን አነሡ። ጸሐፊው አዘነ፤ ማዘኑ ግን ለድምፅ አልቀረበም።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ድስቱ ተነደለ። ጨዉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ስብሰባው ደጅ ቀጠለ። ወ/ሮ ጤናዬ ወደተባረሩበት ምድጃ ተመልሰው ጨዉ ላይ ደረቅ አሸዋ ደፉ።

አቶ ያርጋል እንግዲህ ዋሱ ይጠየቁ አሉ። እንደ አገሩ ልማድ የሚጠየቅ ሰው ዋስ ሳይጠራ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሊቀመንበሩ ዋስ የሚሆነኝ ማን ነው አሉ።

ወ/ሮ ጤናዬ “እኔ አለሁ” አሉ። “ለእርስዎ ነው እንጂ ለድስቱ አይደለም።”

ስለዚህ ከሀ እስከ ሐ የተወሰነው በሙሉ በአንድ ድምፅ ተሽሯል። ስብሰባው ስድስት ሰዓት ላይ ተበተነ። ሊቀመንበሩ ግን ዋሳቸው ሂዱ ስላላሏቸው አሸዋ ሲዝቁ ቀሩ።