ኑሜርዮስ ልብስ አጣቢው ስለ ምርቃት የዘመተው ዘመቻ

አማቱ በቤቱ በነገሠች በሦስተኛው ዓመት፣ የግብፅ የስንዴ መርከቦች ዘግይተው የሮም ሆድ በሚጮኽበት ወራት፣ በውእቱ መዋዕል ተንሥአ ኑሜርዮስ መዋዒ፣ ልብስን በሽንት የሚያነጣ፣ ከመድረሱ በፊት ሽታው የሚያውጅለት፣ በሚስቱ ፊት ግን ድምፁ የማይሰማ።

የዘመቻውም ምክንያት ሴት ልጁ በማግስቱ ልትዳር ስለ ነበረ ነው። ሚስቱ ቬቲያም ደረጃው ላይ ቆማ እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ «ስማ አንተ ሰውዬ! መንግሥት የሚሰፍርልን የወር ቀለባችን ነው፤ እሱን አልነካም። ለልጄ የሠርግ ዳቦ የሚሆን ምርቃት ከቁናው በላይ ሳታስጨምር ብትመጣ፣ እዚያው ከሽንት ጋንህ ጋር እደር!»

ይህንም ሰምቶ ወደ እህል ማከፋፈያው ዘመተ፤ በቀኙ ምላጩ ደንበኛ እንጂ ጠላት አድምቶ የማያውቅ ፀጉር ቆራጩ ጎረቤቱ ሙኪዮስ፣ በኋላውም ማንም ያልጠራው ውሻ ተከተሉት።

በዚያም ሰፋሪው ካኒኒዮስ ልበ ደንዳናው በጆንያ ክምር ላይ እንደ ንጉሥ ተሰይሞ፣ ቁናውን እየሞላ ትርፉን በዘንግ እየጠረገ ሕዝቡን ያስለቅስ ነበር። የኑሜርዮስ ተራ በደረሰና ዘንጉ በተነሣ ጊዜ፣ ጀግናው በአንድ ፊቱ የቄሣር ራስ፣ በሌላው ቁና የተቀረጸበትን የነሐስ ሳንቲም ከጉያው መዝዞ ዐወጀ፦ «ሕዝብ ሆይ፣ ተመልከት! ቄሣር ራሱ ቁናውን ከአፉ በላይ ሞልቶ ነው ያስቀረጸው! ይኼ ሰውዬ ግን ይጠርገዋል። እስቲ ይንገረን፣ የሚዋሸው ዘንጉ ነው ወይስ ንጉሡ?»

ሰልፈኛውም በአንድ ድምፅ ዐወጀ፦ «ንገረና! ምነው፣ ዘንጉን ዋጥከው እንዴ?»

ካኒኒዮስ ገረጣ፤ ንጉሡ ዋሸ ቢል አንገቱ፣ ዘንጌ ዋሸ ቢል እንጀራው ነበርና። ሳንቲሙን ተቀብሎ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ መረመረውና ፈገግ አለ። ቁናውንም ልክ እስከ አፉ ጠረገ፤ ከጆንያው ሥር ሦስት ያልተወቃ የስንዴ ዛላ ፈልጎ መሃሉ ላይ ተከለና ዐወጀ፦ «ወዳጄ፣ ሳንቲሙ ላይ ከቁናው አፍ በላይ ያለው እኮ ዛላ ነው፤ ቁጠረው፣ ሦስት። ይኸው፣ እንደ ንጉሡ ሰፈርኩልህ። ቀጣይ!»

ኑሜርዮስ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ሳንቲም ሲገበያይ አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አላየውም ነበር። ያም ሆኖ ዛላዎቹን እያወዛወዘ፣ ውሻውን አስከትሎ፣ እንደ ድል አድራጊ ተመለሰ።

ቬቲያም «ጉድ ፈላ! ምርቃትህ ይኼ ነው?» ብላ ዐወጀች። ዛላዎቹን በመዳፏ ፈትጋ፣ ፈጭታ አንዲት ዳቦ ጋገረች፤ መጠኗም ያን ሳንቲም አከለች። በማግስቱም ሙሽሮቹ ለሁለት ተካፈሏት፤ ልጅቷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችና አባቷን አቀፈችው።

ስብሐት ለኑሜርዮስ መዋዒ፣ በንጉሥ ሥዕል ተሟግቶ ሥዕሉኑ ለተቀበለ፣ ሚስቱ እንደ ቃሏ ከጋኑ አጠገብ ስታስተኛው ብርድ ልብስ ለደረበችለት!