የሚደግመው ማሽን

[፲፱፻፹፩ ዓ.ም.። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ የአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት። መስኮት የለውም፤ አምፖል በርቷል። በፍቃዱ ከአዲሱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጧል፤ የኮምፒዩተር ኮርስ ጨርሶ ከተመለሰ ገና ወር አልሞላውም። የክፍሉ ነባር ታይፒስት እትዬ የሺዓለም ወንበራቸውን ከማሽኑ አርቀው ተቀምጠዋል።]

የሺዓለም፦ አልነካም አልኩህ አልነካም!

በፍቃዱ፦ ምን አስፈራዎት እትዬ የሺ? ይደግማል ነው ያልኩት።

የሺዓለም፦ እሱ እኮ ነው። ምንድን ነው የሚደግመው?

በፍቃዱ፦ ያዘዙትን።

የሺዓለም፦ በማን ላይ?

በፍቃዱ፦ በማንም ላይ አይደለም!

የሺዓለም፦ በማንም ላይ ካልሆነ ምን ያስደግመዋል? እኛ ሰፈር ዶሮ ማነቂያ አንድ የሚደግም ሰውዬ ነበር። እሱ እንኳ መጀመሪያ ስም ይጠይቃል።

በፍቃዱ፦ ይሄም ስም ይጠይቃል።

የሺዓለም፦ [ወንበራቸውን የባሰ አርቀው] አላልኩም?

በፍቃዱ፦ የጽሑፉን ስም ነው! ስሙኝማ፣ ማሽን በትእዛዝ እንጂ በፍቃዱ አይሠራም።

የሺዓለም፦ እሱስ እውነት ነው። እኔም ከመጣህ ጀምሮ በፍቃዱ ሲሠራ አላየሁም።

በፍቃዱ፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] ኃላፊው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፒያሳው ቢሮ ወርደው እዚህ ታችኛው አዳራሽ ንግግር ያደርጋሉ። ንግግሩ ያለው እዚህ ማሽን ውስጥ ነው። ታትሞ ካልደረሰላቸው አሰብ ቅርንጫፍ እንደሚወረውሩኝ ሰው ፊት ነግረውኛል። እኔ አሰብ ከወረድኩ ደግሞ ማሽኑን የሚረከቡት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ይማሩ።

የሺዓለም፦ አሰብ ይሞቃል።

በፍቃዱ፦ አውቃለሁ!

የሺዓለም፦ በል አስተምረኝ።

በፍቃዱ፦ መጀመሪያ የዓምናውን ንግግር እናስወግድ፤ ቦታ ይዟል። ትእዛዙን እንዲህ እጽፋለሁ። [ይተይባል፤ ማሽኑ ጢጥ ይላል] ኤጭ!

የሺዓለም፦ ምን አለህ?

በፍቃዱ፦ «መጥፎ ትእዛዝ» ነው የሚለው፣ በእንግሊዝኛ።

የሺዓለም፦ [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] በሩን ልዝጋው?

በፍቃዱ፦ ለምን?

የሺዓለም፦ እዚህ ቤት ትእዛዝ መጥፎ ነው ተብሎ አያውቅም።

በፍቃዱ፦ አንዲት ፊደል ስቼ ነው እኮ! እርስዎ ቢሆኑ ወረቀቱን ቀደው እንደገና ከሀ ይጀምሩ ነበር። እኔ ግን ይቺን ኤፍ ሦስት የምትባለውን ቁልፍ ስጫን ያለፈው ትእዛዝ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። የሳትኳትን አርሜ መላክ ብቻ! [ይጫናል] ይኸው፣ የዓምናው ሄደ።

የሺዓለም፦ ማሽኑ ሂስ ያደርጋል፣ አንተ ግለሂስ ታደርጋለህ በለኛ።

በፍቃዱ፦ እንደሱም ይያዙት። አሁን የዛሬውን ንግግር እናትም። ሌላ ሰው ቢሆን ትእዛዙን ከመጀመሪያው ይጽፋል። የተማረ ሰው ግን ያለፈውን ይደግምና «ንግግር አንድ» የምትለዋን «ንግግር ሁለት» ያደርጋታል። አለቀ!

የሺዓለም፦ ያለፈው ትእዛዝ ምን ነበር?

በፍቃዱ፦ ምን ያደርግልዎታል? ማሽኑ ያስታውሳል።

የሺዓለም፦ ማሽኑስ ያስታውስ። አንተስ?

በፍቃዱ፦ እትዬ፣ እኛ እንዳናስታውስ አይደል እንዴ ማሽን የተገዛው? [በኩራት ይጫናል] አንዲት ቁጥር ብቻ!

[ከኮምፒዩተሩ ጎን ያለው ማተሚያ አይንቀሳቀስም።]

የሺዓለም፦ አያትምም እንዴ?

በፍቃዱ፦ [ቀስ ብሎ] ያለፈው ትእዛዝ…

የሺዓለም፦ ምን ነበር?

በፍቃዱ፦ አጥፋ።

የሺዓለም፦ በስመ አብ! እሳቸው በእጃቸው የጻፉትስ?

በፍቃዱ፦ ዘመኑ የማሽን ነው ብዬ ቀድጄዋለሁ።

የሺዓለም፦ ታዲያ የዓምናውን ቀኑን አርመህ ብትሰጣቸውስ? ማንም አያውቅም። እሳቸውም አያውቁም።

በፍቃዱ፦ እሱን አይደል መጀመሪያ ያጠፋሁት! አለቀልኝ እትዬ የሺ። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። እናቴ ከእኔ ሌላ ማን አላት?

[ስልክ ይጮኻል። በፍቃዱ ጠረጴዛ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው።]

የሺዓለም፦ [አንስተው] አቤት ጓድ… ጠፍቷል… አዎ፣ አሁን፣ ዓይናችን እያየ… ምንም ማድረግ አልቻልንም… እሺ ጓድ። [ይዘጋሉ]

በፍቃዱ፦ ነገሯቸው! አሰብ አሉ?

የሺዓለም፦ ታዲያ ልዋሽ ነው? «እንዴት ናችሁ እዚያ ታች?» አሉ፣ «ጠፍቷል» አልኳቸው። «እንደ ፒያሳ እናንተም ጋ መብራት ጠፋ?» ብለው ተናደዱ። «በጨለማ አዳራሽ ንግግር አላደርግም፣ ለሰኞ ይሁን» አሉ።

በፍቃዱ፦ [ብድግ ብሎ] መብራት መሰላቸው? እግርዎን ልሳም!

የሺዓለም፦ ቆይ እስቲ። ሠራተኛው በጨለማ እንዳይደናበር ብለው ከፒያሳ ሻማ ይዘው እየወረዱ ነው።

በፍቃዱ፦ ወደዚህ? አሁን? [አምፖሉን ያያል] ምን ልሁን?

የሺዓለም፦ ያለፈውን ትእዛዝ ድገማ።

በፍቃዱ፦ የቱን ነው ደግሞ?

የሺዓለም፦ «አጥፋ» የሚለውን ነዋ። ንግግር የምትለዋን አርመህ መብራት አድርጋት።

[በፍቃዱ ወደ ቆጣሪው ይሮጣል። ሕንጻው በሙሉ ይጨልማል።]