ሳልቀምሳት የመሰከርሁላት ፓፓያ

በፊደል ገበታ ላይም እንደ እኛው ሰፈር ሀብታምና ድሃ መኖሩን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በተለይ ፍራፍሬ ሲታደል ፊደሎቻችን እኩል አልደረሳቸውም። «መ»ን እዩት፤ ሙዝ የሱ፣ ማንጎ የሱ፣ መንደሪን የሱ። «በ»ም ቢሆን በለሱንና ብርቱካኑን ታቅፎ ተደላድሎ ተቀምጧል። «ከ» ደግሞ ኮክ ብቻ አልበቃ ብሎት በየአጥሩ ያለውን ኮሽም ሁሉ የግሉ አድርጎታል። ምስኪኗ «ዠ» ግን አንዲት ፍሬ የላትም፤ ካላመናችሁኝ ሥራ ፈታችሁ ቀኑን ሙሉ አስቡላት። «ኘ»ም ያው ናት። ከሁሉም ግርጌ፣ ሠርግ ቤት ዘግይታ እንደ ደረሰች ዘመድ፣ «ፐ» ቆማለች። እሷስ ባዶ እጇን አይደለችም፤ ፓፓያ አለቻት። ፕሪም የምትባልም አለች የሚለኝ አይጠፋም፤ ልክ ነው፣ ግን ሁለቱም ወደ እኛ ዘንድ ዝር ብለው አያውቁም። የእኛ የእስቴ ደጋ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር ያውቃል። ፓፓያን የሚያውቃት በሥዕል ነው።

እኔም የማውቃት በሥዕል ነበር። ይኸን ስናገር ቀላል አይምሰላችሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ «ፐ፣ ፓፓያ» ያስባልሁ መምህር ነኝ። ስንት ልጅ በእኔ አፍ ፓፓያ ብሎ አደገ! አንድም ቀን ግን በጥርሴ ነክሻት አላውቅም። ልጆች ደግሞ ደጎች ናቸው፤ ፓፓያ በሉ ሲባሉ ፓፓያ ይላሉ፣ ደወል ሲደወል ይወጣሉ፣ አለቀ። ጣጣው የመጣው አዋቂ ማስተማር የጀመርሁ ለት ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በገበሬ ማሰልጠኛው አዳራሽ ለጎልማሶች ፊደል አስቆጥራለሁ። ለነሱ እንዲቀላቸው ብዬ ለየፊደሉ አንድ አንድ ፍሬ መደብሁ፤ ሥዕሉንም በትልቅ ወረቀት ላይ ራሴ ሣልሁት። ፍሬ ያጡትን ፊደሎች በእህልና በቅጠል ደጎምኋቸው። ከተማሪዎቼ ሁሉ ብርቱዋ እማማ ደብሬ ነበሩ፤ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። እማማ ደብሬ የራሳቸው አቀባበል አላቸው። የፊደሉን ፍሬ በእጃቸው ካልጨበጡ ፊደሉ አይገባቸውም። «ቀ»ን ቀጋ ይዘው መጥተው ተማሩ። «እሷን ሳያት እስካሁን እጄን ይቧጭረኛል» ይላሉ። «ሸ»ን በሾላ፣ «ለ»ን በሎሚ፣ «ወ»ን በዋንዛ፣ እንዲህ እያሉ የቤታቸውን መደብ የፍራፍሬ ገበያ አስመስለው ገበታውን ወረዱት።

ለምን በዚህ ዕድሜ መማር እንዳማራቸው ልንገራችሁ። ሴት ልጃቸው ባሕር ዳር ነው የምትሠራው። ስልክ ብትደውል ኔትወርኩ «ሄሎ» እንዳለች ይቆረጣል፤ ስለዚህ መልእክት ትጽፋለች። መልእክቱን ቤት ውስጥ የሚያነብ የለም። የምታነበው ጎረቤታቸው አስካለ ናት። አስካለ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፣ ንባቧ እንደ ውኃ ይወርዳል፤ ግን ያነበበችው ከእሷ ዘንድ አያድርም። አንድ ጊዜ ልጅቷ እጮኛዋን መተዋን ለእናቷ ብቻ ጻፈች። እማማ ደብሬ ያን ለት ውኃ ሊቀዱ ምንጭ ሲወርዱ ሴቱ ሁሉ ከንፈር እየመጠጠ «አይዞዎት» አላቸው። እንስራቸውን ሳይሞሉ ተመለሱ። በሚቀጥለው እሑድ ከክፍሌ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«የልጄን ምሥጢር ከልጄ እጅ ልቀበል ነው መምህር» አሉኝ።

እንግዲህ ወርደው ወርደው «ፐ» ላይ ደረሱና ቆሙ። «ይችን አላውቃትም፤ አጠገቧም አልደረስሁ። ምን ምን ትላለች?» አሉ። አሥራ አንዱም ተማሪ ወደኔ ዞረ። እዚህ ላይ «አላውቅም፣ እኔም አልቀመስኋትም» ማለት ምን ነበረበት? አንድ ቃል እኮ ናት! ነገር ግን የተማረ ሰው «አላውቅም» ከሚል ጥርሱን ቢነቀል ይመርጣል። ሐኪሙም፣ ካድሬውም፣ ሽማግሌውም፣ እኔም ያው ነን። ደረቴን ነፋሁና «እንደ ሎሚ ነው፤ ይጎመዝዛል» አልሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አትመልሱትም።

እማማ ደብሬ ግን በወሬ የሚለቁ ሰው አይደሉም። «ካልጨበጥኋት አይሆንም» አሉ። አንዷ ፊደል ብትቀር ምን አለበት ብላቸው፣ «መንጋው ሲገባ አንዲት በግ ከጎደለች በሩ ይዘጋል?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ለሁለት እሑድ ቀሩ። አስካለም መልእክት ማንበቧን ቀጠለች።

ነገሩ ከነከነኝ። አብሮኝ የተማረ ባየ የሚባል ወዳጅ ስማዳ ወገዳ ያስተምራል፤ ስማዳ ደግሞ ቆላ አለው። ደወልሁለት። ባየ ነፍሱን ይማረውና፣ ኧረ ምን ነካኝ፣ በሕይወት ነው፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ቅዳሜውን ሠውቶ ግማሽ ቀን በእግሩ ቁልቁል ወርዶ ከአንድ ገበሬ ጓሮ ሁለት የፓፓያ ዛፍ አገኘ። ገበሬው ለምን እንደሚፈለግ ሲሰማ «ለፊደል ከሆነማ» ብሎ ትልቋን በገዛ እጁ ቆርጦ ሰጠው። ያን ሰው እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ ስሙንም አላውቅም። ባየ በጭድ ጠቅልሎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ከቶ፣ ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር አደራ ሰጠልኝ። የወገዳን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ መንገድ ሰውም ደኅና አይደርስም። ፓፓያዋ ግን ከስድስት ቀን በኋላ፣ ዓርብ ለት፣ ጭረት ሳይነካት ከተማችን መካነ ኢየሱስ ገባች። አረንጓዴ ናት፤ ወገቧ ላይ ብቻ ቢጫ ጣል አድርጎባታል። ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፌ በቀጥታ ወደ እማማ ደብሬ ቤት ሄድሁ።

እሳቸው የሉም፤ ወፍጮ ቤት ሄደዋል። ምራታቸው ጥሩወርቅ ብቻዋን ጓዳ ውስጥ ጉድ ጉድ ትላለች። ላስደንቃቸው ፈልጌ ስሟን አልጠራሁም። «ይችን ለእማማ አስቀምጭልኝ፤ እሳቸው ያውቃሉ» ብዬ ሰጠኋትና እየተደሰትሁ ወጣሁ። እናንተ የእኛ አገር ሰው ከሆናችሁ ስሕተቴን ከወዲሁ አይታችሁታል። ያ ሳምንት የሚካኤል ማኅበር ሳምንት ነበር፤ የቅዳሜው ድግስ ተራ ደግሞ የእማማ ደብሬ። በማኅበር ሰሞን ወደ ባለተራ ቤት የሚገባ ነገር ሁሉ፣ ጌሾም ይሁን እንጨት፣ ለድግሱ ነው፤ ማን ይጠይቃል? እኔ ራሴ የማኅበሩ አባል ነኝ። ወሩ የገና ጾም ነው። ክብ ነገር፣ አረንጓዴ ነገር፣ ያውም ከማኅበርተኛ እጅ። ጥሩወርቅ ምን ታድርግ?

ቅዳሜ ማኅበሩ ተሰበሰበ፤ ጸሎት ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ቀረበ፤ ከመሐል አንድ ቀይ ወጥ አለ። ጎረስሁ። ዱባ ነው ግን እንደ ዱባ አይከብድም፤ ለስለስ ብሎ፣ ጣፈጥ ብሎ፣ ከበርበሬው ጋር ተዋዶ ይወርዳል። አስጨመርሁ። የማኅበራችን አባት ቄስ ሞገስም ወደዱት። ቄስ ሞገስ ልጅነታቸውን ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ የፈጁ ሰው ናቸው።

«እኔ ቤተ ልሔም ሳለሁ በቁራሽ ልመና ያልቀመስሁት የዱባ ዘር የለም፤ ይኸ ግን ሌላ ነው» አሉ። «የማን ማሳ ዱባ ነው?»

ጥሩወርቅ ከጓዳ ብቅ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ከለል አድርጋ «መምህር ያመጡት ነው አባቴ» አለች።

ማኅበርተኛው በአንድ አፍ መረቀኝ። «እጅዎ ይባረክ!» «የዘሩት ይብቀል!» እኔ ወደዚያ ቤት ያስገባሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓይኔን ወደ እማማ ደብሬ ላክሁ። ጎንበስ ብለው ጠላ ይቀዳሉ። ሽቅብም አላዩኝ። የባየ ልፋት፣ የገበሬው ልግስና፣ የሾፌሩ አደራ፣ ያቺ አንዲት ፊደል፣ ሁሉም በእንጀራ ተጠቅልለው በሃያ ሰው ሆድ ገብተዋል። እኔም ሁለት ጊዜ አስጨምሬ አግዣለሁ።

ሰው ሲበተን እስከ በሩ ሸኙኝ። እማማ ደብሬ ክፍል ውስጥ ስድሳ ሰባት ዓመታቸውን ረስተው «እርስዎ» ይሉኛል፤ ፊደል ያስቆጠረ አባት ነው ብለው። በሩ ላይ ግን ጠጋ አሉኝና «አንተ ልጄ፣ ጎመዘዘህ?» አሉኝ።

ለካ ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ ፓፓያዋ ተሰንጥቃ ደርሰዋል። ጥቋቁር ፍሬዋን ሲያዩ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የሰቀልሁት ሥዕል ትዝ አላቸው። ከቢጫው በኩል ቆርሰው ጥሬውን ቀምሰዋታል።

«ማር ናት እኮ!» አሉኝ። «ምራቴን እንዳላሳፍራት ብዬ ዝም አልሁ። የቀረችው ምድጃ ገብታ ነበር፤ በማኅበር ቀን ምራት አይወቀስም። አንተ ስትጎርስ ግን አየሁህ። አላወቅሃትም።»

«በልቻት አላውቅም ነበር እማማ» አልሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ያነቀኝ ቃል ስትወጣ ቅልል አለኝ። «ዋሽቼዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቅ አሉ። «እኔስ ምን ልበልህ? ውዳሴ ማርያም ገዝቼ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስንት ዓመት ገጹን ገልብጫለሁ መሰለህ! ያላየኝ ሰው ታነባለች ይላል። አንድ ቀን ዘቅዝቄ ይዤው ኖሮ ዲያቆኑ በቀስታ አዙሮ ሰጠኝ። ያን ልጅ እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ። እንዳላዋረደኝ አላዋርድህም፤ ቤትህ ግባ አሁን፣ ደኅና እደር።» እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ለእኔ የደገሰልኝ ያቺን ምሽት ነው። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ እሑድ እማማ ደብሬ ሰፌድ ይዘው መጡ። ሰፌዱ ላይ የፓፓያዋን ጥቋቁር ፍሬዎች አንድ በአንድ ደርድረዋቸዋል። ጥሩወርቅ ለዘር ብላ አጥባ አድርቃቸው ነበር። አየሁት፤ «ፐ» ናት። ትንሽ ዘመም ብላለች፤ ግን ራሷ ናት። የጨበጡት ፊደል ይኸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ፊደል ጠፍታባቸው አታውቅም።

አንዱ ተማሪ ከኋላ እጁን አነሣና «ለመሆኑ መምህር፣ ፓፓያ ምን ምን ትላለች?» አለ። እማማ ደብሬ ቀድመው «ይንገሩን እንጂ፣ በልተዋታል እኮ» አሉ። ዓይናቸው ይስቃል። አሁን ምን ልበል? ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሴ ምላስ ያገኘሁትን እውነት ተናገርሁ። «እንደ ዱባ ናት፤ ከበርበሬ ጋር ትስማማለች» አልሁ። አሥራ አንዱም ራሱን ነቀነቀ፣ አንዳንዱም በደብተሩ ጻፈ። የእስቴ ሰው አንድ ቀን ቆላ ወርዶ ፓፓያ በበርበሬ ቢጠይቅ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ፍሬዎቹን እማማ ደብሬ በጓሯቸው ዘሯቸው። ሁለት በቀሉ፣ ውርጩ አንዱን በላው፤ ሌላው ቁርጭምጭሚት አልፎ አሁንም አለ፣ እንዲያው ቀና ማለቱን ብቻ ያውቃል። ያፈራል ብዬ አልዋሽም። በዚያው ሰሞን የልጃቸው መልእክት መጣ። በጓሮው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን ስልኩ ላይ እያስኬዱ፣ ከጧት እስከ ምሳ ብቻቸውን አነበቡት። ሲጨርሱ ስልኩን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡና አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ውኃ ሊቀዱ ወረዱ። ምንጩ ዳር ከንፈር የመጠጠላቸው የለም። እንስራቸውን ሞልተው ተመለሱ።

አስካለ አላስችል ብሏት ማታውን እኔ ዘንድ መጣች። እኔ ያስተማርኋቸው ነኝና ምሥጢሩም የሚያልፈው በእኔ በኩል መስሏት ነው።

«እንደው መምህር፣ ልጅቷ ምን ብላ ጻፈች?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኋት።

እንዴት ያለች ጣፋጭ ቃል ናት!